አንድ ታታሚ የዘገየ ድምፅ

«ተሰርቄያለሁ» አሉ ሴትየዋ።

ፖሊስ ካናኤ ኢሶቤ ብዕሯን አነሳች። እሑድ ጠዋት ነበር። በሐማማትሱ ከተማ፣ በዚህች ጠባብ የሰፈር ፖሊስ ቤት፣ በሁለት ዓመት ከመንፈቅ አገልግሎቷ የያዘችው ትልቁ ወንጀል የብስክሌት ስርቆት ነው። እሱንም ቢሆን የወሰደው ራሱ ባለቤቱ ሆኖ ተገኝቷል፤ የት እንዳቆመው ረስቶ።

«ምን ተሰረቀብዎት?»

«አንድ ታታሚ።»

«ታታሚ፣ አንድ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ብዕሯ ቆመ። ታታሚ የሚባለው የወለል ምንጣፍ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ክብደቱ ወገብ ያጎብጣል። ይህን ተሸክሞ በቀን የሚሮጥ ሌባ ካለ፣ የሚገባው እስር ቤት ሳይሆን የትግል ቡድን ውስጥ ነው።

«የየትኛው ክፍል ምንጣፍ ነው?»

«ምንጣፍ ማን አለ? ድምፅ ነው እንጂ! ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዙ፣ አንድ ታታሚ ያህል ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሰው ቤቴ ገብቶ ሪሲቨሬን ነካክቷል።»

ካናኤ የጻፈችውን በትሕትና ሰረዘችው።

ሴትየዋ ወይዘሮ ቶሺኤ ሂዙሜ ይባላሉ። ዕድሜያቸው ስልሳ ዘጠኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በፒያኖ ፋብሪካ ፒያኖ ሲቃኙ ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ የአበባ ማሰሮ ተሰጣቸው። ማሰሮውን በጣታቸው መታ አድርገው «ስንጥቅ አለበት» አሉ። ነበረበት።

አሁን ቤታቸው ውስጥ አንድ የሲኒማ ክፍል አለ። በየወሩ አንድ ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዎች ይሰበሰቡበታል፤ ራሳቸውን የቅዳሜ ጆሮ ማኅበር ብለው ይጠራሉ። መሐል ላይ አንድ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ ወይዘሮ ሂዙሜ ይቀመጣሉ። እሳቸው «ልክ ነው» ካላሉ ፊልም አይጀመርም።

ትናንት ግን ፊልሙን መሐል ላይ አስቆሙት። ቤዙ ዘግይቷል አሉ። አሥራ አንዱ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ማንም ምንም አልሰማም። ማንም «አልሰማሁም» አላለም። ሁሉም አንገታቸውን ደፉ።

«ያ የአንገት መድፋት ገባሽ?» አሉ ወይዘሮ ሂዙሜ። «የቀብር አንገት ነው። ጆሮዬን ነው የቀበሩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ በተለይ ይሰበሰባሉ። ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጥ ብለው ሊመርጡ።»

«ምናልባት ድካም ቢሆን…»

«ፖሊስ ሳን» አሉ በአገሩ የአክብሮት አጠራር፣ «ስሚኝ። ሰው ነክቶት ከሆነ ጆሮዬ ደህና ነው። ማንም ካልነካው ጆሮዬ ሞቷል። ከሁለት አንዱ ነው። ስለዚህ እኔ የምፈልገው ምክር አይደለም፤ ወንጀለኛ ነው።»

የካናኤ አለቃ ጉዳዩን በስልክ ሲሰማ፣ «የአረጋውያን ብቸኝነት ብለሽ ዝጊው» አላት። ካናኤ ስልኩን ዘጋች። ጉዳዩን አልዘጋችም።

* * *

የወይዘሮ ሂዙሜን በር ደወል ሦስት ጊዜ ደወለች። መልስ የለም። በመጨረሻ በእጇ ስትደበድብ ነው የተከፈተላት።

«ደወሉን አልሰሙትም?»

«ያ ቀጭን ጩኸት ደወል ይባላል? ሐኪሙም ቀጫጭኑ ድምፅ ሄዷል ብሎኛል። ይሂድ! እኔ የምልሽ ስለ ወፍራሙ ነው።»

የካናኤ ልብ ትንሽ ወረደ። ይህን ማስታወሻዋ ላይ አልጻፈችም።

ክፍሉ ያማረ ነው። ጽዱ የጥድ ግድግዳ፣ አንድም ሚስማር የማይታይበት። ከስክሪኑ ሥር ሦስት ስፒከሮች፣ ከወንበሩ ኋላ ሁለት፣ በግራ በኩል ጥግ ላይ ደግሞ ትልቁ የቤዝ ሳጥን። ሪሲቨሩ፣ ያ ድምፁን ለስድስቱ የሚያከፋፍለው ጥቁር ማሽን፣ በወረቀት ታሽጎ ተቀምጧል። በወረቀቱ ላይ የወይዘሮ ሂዙሜ ቀይ ማኅተም ተመቷል።

«የወንጀሉ ቦታ ነው» አሉ ወይዘሮ ሂዙሜ። «ከትናንት ጀምሮ ማንም አልነካውም።»

«እርስዎ ራስዎ ከፍተው አላዩትም?»

«ቁጥር ማየት የኩሳካ ሥራ ነው። የእኔ መስማት ነው።»

«በዚህ ሳምንት ማን ማን ገባ?»

«ሰኞ ኩሳካ ገመድ ይዞልኝ መጣ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ያለው፣ ማሽኑን የቃኘልኝ እሱ ነው። ማክሰኞ አለቃ ኦኑማ መጡ። አናጢው፤ ክፍሉን የሠሩት። በየዓመቱ ዝናቡ ሳይገባ ተንሸራታቹን በር ይልጉልኛል። ረቡዕ ጎረቤቴ ማኪኖ ጣፋጭ ይዛ መጣች።»

«ብቻቸውን ትተዋቸው ወጥተዋል?»

«ሁሉንም! እንግዳዬን ከኋላው እየተከተልኩ የምጠብቅ ሰው እመስላለሁ?»

* * *

ወይዘሮ ማኪኖ የኪዮቶ ሰው ናቸው። የኪዮቶ ሰው አይሳደብም፤ ያደንቃል።

«የሂዙሜ ሳን ሲኒማ እንዴት ያለ ጉልበት አለው መሰለሽ!» አሉ ፈገግ ብለው። «የእኛ ኩባያዎች እንኳ ሳይቀሩ ያጨበጭባሉ። አድናቆቴን ለመግለጽ ነው በየጊዜው ጣፋጭ የምወስድላት።»

«ስንት ጊዜ ወሰዱላቸው?»

«ዘንድሮ ዘጠኝ።»

ዘጠኝ አቤቱታ፣ ብላ ጻፈች ካናኤ። «ረቡዕ ብቻዎን ሲሆኑ ቤዙን ትንሽ ዝቅ አደረጉት?»

«እኔ?» ወይዘሮ ማኪኖ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ልጄ፣ እኔ ብነካው ኖሮ ገመዱን ነበር የምቆርጠው። ደግሞም ቅዳሜ ዕለት ኩባያዎቹ እንደ ወትሮው አጨብጭበዋል። እንዲያውም አንዱ ጆሮው ተሰብሯል። የሂዙሜ ሳንን ጆሮ ማለቴ አይደለም፤ የኩባያውን።»

ካናኤ ከበሩ ወጥታ ቆም አለች። ኩባያዎቹ እንደ ወትሮው ከተንቀጠቀጡ የቤዙ ጉልበት አልቀነሰም። የጎረቤት ምቀኝነት ቢሆን ጉልበቱ በቀነሰ ነበር። ወይ ሌላ ነገር ተነክቷል። ወይ ምንም አልተነካም።

ሁለተኛውን ማሰብ አልፈለገችም።

* * *

ኩሳካ ሱቁ ውስጥ ከአሮጌ ሬዲዮኖች መሐል ተቀምጦ ነበር። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ካናኤ ሳትቀመጥ ጀመረች።

«ወንበሩ ላይ መቀመጥ የሚፈልገው ማነው?»

«እኔ» አለ ኩሳካ። «ስምንት ዓመት ሆነኝ ስመኘው።»

«ሰኞ ብቻህን ነበርክ።»

«ነበርኩ። ማሽኑንም ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። እጄን ልስጥ?»

«ትናንት እሳቸው ሲጮኹ ለምን ወዲያው ቁጥሮቹን ከፍተህ አላየህም? ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።»

ኩሳካ መነጽሩን አወለቀ። «በአሥራ አንድ ሰው ፊት? ብከፍተውና ምንም ባይገኝስ? አበቃላቸው ማለት ነው። ሳይከፈት እስከቆየ ድረስ ግን ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ከመጋለጣቸው ቤዙ ቢዘገይ ይሻላል ብለን ነው።»

«ተመካክራችሁ?»

«ምን መመካከር ያስፈልጋል? አንገታችንን ደፋን።»

እንዲህ ነን እኛ። ለሰው ክብር ስንል ሰውየውን በቁሙ እንቀብረዋለን፤ አበባውም ከእኛ ነው።

ካናኤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እንዴት እንደምትቃኘው አስረዳኝ። ለማያውቅ ሰው እንደሚነገር።»

የኩሳካ ፊት በራ። «ድምፅ ከስድስቱም ቦታ እኩል ጆሮ መድረስ አለበት። ስለዚህ ወንበሩ ላይ፣ በጆሮ ከፍታ፣ ትንሽ ማይክ አቆማለሁ። ማሽኑ በየተራ ከእያንዳንዱ ስፒከር ‹ሽሽ› የሚል ድምፅ ይለቅና ለመድረስ ስንት እንደፈጀ ይለካል። ከዚያ ርቀት አድርጎ ይጽፈዋል። የቀረበውን ያቆየዋል፤ የራቀውን ያስቀድመዋል። ይኸው ደብተሬ። ፊት ለፊት ሦስት ሜትር፣ ከኋላ አንድ ሜትር ከሰባ፣ ቤዝ አምስት ሜትር ከአሥር።»

«አምስት ሜትር? ክፍሉ ከጥግ እስከ ጥግ እንኳ አምስት ሜትር አይሞላም።»

«በሚያዝያው ስብሰባ ቁጥሮቹን በትልቁ ስክሪን ላይ ሳሳይ ሁሉም እንዳንቺ ነው ያሉት። ሳጥኑ አትክልት ቦታው ውስጥ ወጥቶ ነው ወይ ብለው በሳቅ ፈረሱ። ግን ትክክል ነው! ማሽኑ እንጨትና ግድግዳ አይለካም፤ ጊዜ ነው የሚለካው። የቤዝ ሳጥኑ ድምፁን አጣርቶ እስኪያወጣ ትንሽ ይዘገያል። ማሽኑ ያንን መዘግየት እንደ ርቀት ቆጥሮ ቤዙን አስቀድሞ ይልከዋል። ይህን ላስረዳ አፌን ስከፍት ዝንጅብል መጠጡ መጣና ማን ይስማኝ።»

«ተነስ» አለች ካናኤ። «ሄደን እንከፍተዋለን።»

«ባይገኝስ?»

«እሳቸው ወንጀለኛ ነው የጠየቁኝ። ይሉኝታ አልጠየቁኝም።»

* * *

ወይዘሮ ሂዙሜ ማኅተሙን በገዛ እጃቸው ቀደዱት። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጨበጡ።

ኩሳካ ስክሪኑን አበራ። ቁጥሮቹ ወጡ።

ኩሳካ ጮኸ።

«ጫማ!»

«ምን?»

«ሜትሩ ሁሉ ወደ ጫማ ተቀይሯል! ጫማ በር ላይ ተወልቆ በሚገባበት ቤት፣ ማነው በጫማ የገባው?»

ወይዘሮ ሂዙሜ ዓይናቸውን አልከፈቱም። ጭብጣቸውን ግን ፈቱ።

«ቤዙን አንብቢልኝ» አሉ።

«አሥር ነጥብ ዘጠኝ ጫማ» አለች ካናኤ።

ኩሳካ በስልኩ አሰላ። «ሦስት ሜትር ከሠላሳ ሁለት። አምስት ከአሥር ነበር። ልዩነቱ…» ድምፁ ተቆረጠ። «አንድ ሜትር ከሰባ ስምንት።»

ታታሚ ነው። ቢጎድለው ሁለት ጣት ነው። ሁለቱም ወደ ወንበሩ ዞሩ። ኩሳካ ቀስ ብሎ በጉልበቱ ወረደና ግንባሩን ወለሉ ላይ አደረገ።

«ተነስ» አሉ ወይዘሮ ሂዙሜ። «ጆሮዬ አለ ማለት ነው። አሁን ሌባውን አምጡልኝ።»

«በጫማ የሚለካ ሰው እዚህ አገር ማን አለ?» አለ ኩሳካ። «ቋንቋ ትምህርት ቤቱ ውስጥ አንድ አሜሪካዊ አለ…»

«ይህን ቤት ያውቀዋል?»

«ሐማማትሱን እንኳ በቅጡ አያውቃት።»

የካናኤ ዓይን ቁጥሩ ላይ ነበር። ከሌሎቹ ስፒከሮች አንዱም አልተነካም፤ መለኪያቸው ተለወጠ እንጂ ርቀታቸው ያው ነው። የተቀየረው ቤዙ ብቻ ነው። ሊያበላሽ የፈለገ ሰው ሁሉንም ያተራምስ ነበር። ይህ ሰው ግን አንዷን ቁጥር መርጦ…

«ሜትር ስጠኝ» አለች።

ከወንበሩ ራስጌ እስከ ቤዝ ሳጥኑ ለካች። ሦስት ሜትር ከሠላሳ።

«አየኸው? ሰውየው አላበላሸም። አርሟል። በእጁ ለክቶ እውነተኛውን ርቀት ነው የጻፈው።»

«ሁለት ሳንቲ ሜትር ተሳስቷል» አለ ኩሳካ።

«እሱ ነው የገረመኝ። በጫማ ቢያስብ አሥር ነጥብ ስምንት ይቀርበው ነበር። ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው ዝም ብሎ ሁለት ሳንቲ አይስትም። የእሱ ጫማ ከሰው ጫማ ትንሽ ካላጠረ በስተቀር።» ሦስት ሜትር ከሠላሳውን ለአሥር ነጥብ ዘጠኝ አካፈለች። «የሰውየው ጫማ ሠላሳ ነጥብ ሦስት ሳንቲ ሜትር ነው። ሠላሳ ነጥብ ሦስት የሆነ መለኪያ ምንድነው?»

ኩሳካ ስልኩን መነካካት ጀመረ።

«ሻኩ» አሉ ወይዘሮ ሂዙሜ ከወንበራቸው። «የድሮው የአገራችን መለኪያ። ፋብሪካው ውስጥ አሮጌዎቹ የእንጨት ሠራተኞች በሱ ነበር የሚለኩት። ዛሬ በሻኩ የሚያስበው…»

ዓይናቸው የጥድ ግድግዳው ላይ ቀረ።

* * *

አለቃ ኦኑማ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ካናኤ ስትገባ መላጊያቸውን ወደ ራሳቸው እየሳቡ ነበር። ከጥዱ ላይ የሚነሳው ልጣጭ እንደ ወረቀት ስስ ነው፤ ብርሃን ያሳያል።

«አለቃ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ። ከሂዙሜ ሳን ወንበር እስከ ቤዝ ሳጥኑ ስንት ነው?»

«አሥር ሻኩ ከዘጠኝ ሱን» አሉ ቀና ሳይሉ። ሱን የሻኩ አንድ አሥረኛ ነው።

ከዚያ መላጊያው ቆመ።

አለቃ ኦኑማ ፎጣቸውን ከራሳቸው ፈትተው ፊታቸውን ጠረጉ።

«ያ ማሽን ዋሽቶ ነበር» አሉ።

«ማክሰኞ ነው የቀየሩት?»

«እሷ ቶፉ ልትገዛ ስትወጣ። ኩሳካ በትልቁ ስክሪን ላይ ሲከፋፍተው አይቼው ነበር። አንድ ጊዜ ያየሁትን መገጣጠሚያ አልረሳም። ሜትር ይልና ጫማ ይላል። ሻኩ የለም። ጫማው ግን ከሻኩ በፀጉር ነው የሚለየው፤ ይሁን አልኩ።»

«ለምን ነካኩት?»

«ሁሉም እኮ ነው የሳቀው!» ድምፃቸው ከፍ አለ። «‹አለቃ፣ ክፍሉን ጎትተህ አስረዘምከው ወይስ መለኪያህ ሰክሮ ነው?› አሉኝ። አብሬ ሳቅሁ። ምን ላድርግ? አምሳ ስድስት ዓመት ቤት ሠርቻለሁ። አንድም በር አልጠመመብኝም። አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ተነስቶ ኦኑማ የሠራው ክፍል ከልኩ ይረዝማል ብሎ በሰው ፊት ጻፈ። ያንን ጽሑፍ እዚያ ቤት ውስጥ ትቼው ልሙት?»

«ቅዳሜ እዚያው ነበሩ።»

«ነበርኩ።»

«አንገትዎን ደፉ።»

«ደፋሁ።»

«ሁሉም ጆሯቸው ሄዷል ብሎ ሲያዝን እርስዎ ያውቁ ነበር።»

«አላውቅም ነበር! ትክክለኛ ቁጥር እንዴት ድምፅ ያበላሻል? እኔ ያስተካከልኩ ነው የመሰለኝ።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቤቴ ስገባ ግን ጠረጠርኩ» አሉ።

«ታዲያ ወዲያው ሄደው ለምን አልነገሯቸውም?»

አናጢው ጥዱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ብነግራት ማሽኑ ልክ ነበር ማለት ነው። ማሽኑ ልክ ከነበረ ክፍሉ ስህተት ነው። ከእሷ ጆሮና ከእኔ እጅ አንዱ መዋረድ ነበረበት። የእሷን መረጥኩ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከወንጀሉ ይኸኛው ይብሳል፤ ጻፊው።»

ካናኤ ጻፈችው።

* * *

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንዱም መጡ። ካናኤ የደንብ ልብሷን ለብሳ ከበሩ አጠገብ ተንበርክካ ተቀመጠች። ወይዘሮ ሂዙሜ ክስ አልፈልግም ብለው ነበር፤ አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አስቀመጡ። ሁሉም ባለበት ይነገር።

አለቃ ኦኑማ ግንባራቸውን ወለሉ ላይ አድርገው ተናገሩ። ምንም አልቀነሱም። የቶፉውን እንኳ አልተዉም።

ሲጨርሱ ከማኅበሩ አባላት አንዱ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እውነቱን ለመናገር እኔም የሆነ ነገር ተሰምቶኝ ነበር።»

«እኔማ ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ» አለ ሌላው አባል፣ ጡረተኛ መምህር።

«ቤዙ ላይ ነው ብዬ ጠርጥሬ ነበር፤ ግን ሂዙሜ ሳን ይቅደሙ ብዬ…»

ሁሉም ሰምተው ነበር። ሁሉም! አንዷ እንዲያውም ከፊልሙ በፊት ሰምቻለሁ አለች። ይህች ከተማ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይህን ያህል ጆሮ አብቅላ አታውቅም።

«እኔ አልሰማሁም» አሉ አለቃ ኦኑማ፣ ግንባራቸውን ሳያነሱ። «ያን ቀንም አልሰማሁም፤ ዛሬ ቢደግሙትም አልሰማም። እኔ አናጢ ነኝ።»

«እኔም አልሰማሁም» አለ ኩሳካ። ፊቱ ቀላ። «የሚቃኘው እኔ ሆኜ፣ አልሰማሁም።»

ወይዘሮ ሂዙሜ አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ አዩ። የጥርስ ሐኪሙ ካልሲውን ማጥናት ጀመረ።

«ኩሳካ፣ በገዛ እጅህ አትጻፈው። እንደገና ለካው» አሉ። «ኦኑማ ሳን፣ እርስዎ ከስክሪኑ ፊት ይቀመጡና ይዩ።»

ማይኩ ወንበሩ ላይ ቆመ። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። ሽሽ፣ አለ ከግራ። ሽሽ፣ ከቀኝ። ሽሽ፣ ከኋላ። በመጨረሻ ቤዙ ከሆዳቸው ሥር ነዘራቸው። ቁጥሩ ወጣ። አምስት ሜትር ከአሥር።

አለቃ ኦኑማ ከንፈራቸውን ነከሱ።

«አሁን ይስሙኝ» አሉ ወይዘሮ ሂዙሜ። «ይህ ማሽን የእርስዎን እንጨት አልለካም። ድምፁ ሳጥኑ ውስጥ የሚፈጀውን ጊዜ ነው የጻፈው። አሥር ሻኩ ከዘጠኝ ሱንም ልክ ነው፤ አምስት ሜትር ከአሥርም ልክ ነው። አንዱ የእጅ ነው፤ አንዱ የጆሮ። በዚህ ክፍል ውስጥ ስምንት ዓመት ተቀምጫለሁ። ግድግዳው አንድ ቀን እንኳ ሲንቋቋ አልሰማሁም። ፒያኖ ሠሪ ብሆን ኖሮ በእርስዎ እንጨት ነበር የምሠራው።»

ሰውየው ቀና አሉ። ጀርባቸው እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ነበር።

ኩሳካ ማይኩን ከወንበሩ አነሳ። የምርጫውን ወረቀት ከኪሱ አወጣና ምን እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት በእጁ ያዘው።

ወይዘሮ ሂዙሜ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ቀሚሳቸውን አስተካከሉ። ጣታቸውን በጣታቸው ላይ አደረጉ።

«ስለዚህ ወንበር የሚናገረው ነገር ያለው ሰው አለ?»

ኩሳካ ወረቀቱን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው።

«እንግዲያው ዝም በሉ» አሉ። «ልሰማ ነው።»